የራግቢ ክለብ ሜዳውን ያስፋ፣ ያፍርስ ወይስ ጥሎ ይሂድ?

የኤድንብራ ራግቢ ክለብ ለዓመታት የተጫወተው መሬፊልድ ላይ ነው። መሬፊልድ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ስታዲየም ነው፤ ከ67,000 በላይ ሰው ይይዛል። የክለቡን ጨዋታ ለማየት የሚመጣው ግን ጥቂት ሺህ ሰው ነበር። ደጋፊው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ባዶ ወንበር መትቶ ይመለስበታል። በ2021 ክለቡ መላ አገኘ። ከትልቁ ስታዲየም ግቢ ሳይወጣ፣ እዚያው ጎኑ ላይ 7,800 ገደማ ሰው የሚይዝ ትንሽ ሜዳ ሠርቶ ገባ። ከ67,000 ወደ 7,800! ጨዋታው ግን ነፍስ ዘራ።

ስታዲየም ይታደስ ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ወንበር ብዛት ነው። እኔ ግን የወንበሩን ቁጥር መጨረሻ ላይ ብትጠይቁ ይሻላል ባይ ነኝ።

የኮሚቴ አባል ብትሆኑም፣ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ የምትባሉ ተራ ደጋፊ ብትሆኑም፣ ፊታችሁ የሚቀርበው ምርጫ ያው ነው። አንዱን ጎን ብቻ መሥራት፣ አፍርሶ እዚያው እንደገና መሥራት፣ ጓዝ ጠቅልሎ ሌላ ቦታ መሄድ፣ ወይም ከሌላ ክለብ ጋር ደባል መሆን። አምስተኛም አለ፤ ብዙ ሰው እንደ ምርጫ አይቆጥረውም እንጂ። አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ መሬቱ እስከፈቀደ ድረስ ባላችሁበት ቆዩ። አንድ ትሪቡን ሥሩ። እሱ ሲሞላ ስለሚቀጥለው አስቡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የዝናቡን ቀን ቁጠሩ

ክለቦች ሜዳቸውን የሚለኩት በደርቢ ቀን ነው። ያን ቀን ትኬት ያላገኘ ሰው በር ላይ ሲለምን ይታያል። ሰኞ ጠዋት "አምስት ሺህ ወንበር እንጨምር" የሚል አይጠፋም። እናንተ ግን ሌላ ቀን ቁጠሩ። ዝናብ ሲወርድ ያመሸበትን፣ ተጋጣሚው ስም የሌለውን፣ ዓርብ ማታ የተደረገውን ጨዋታ። እሱ ሁለት ሦስት ዓመት በተከታታይ ጢም ብሎ ከሞላ ስለ ማስፋት ማውራት ይቻላል። ካልሞላ ግን የጎደለው ወንበር አይደለም።

ቀጥሎ የጨዋታውን ቀን ቁጠሩ። በእንግሊዝ ፕሪሚየርሺፕ ያሉት ክለቦች 10 ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ክለብ በሊጉ በሜዳው የሚጫወተው 9 ጊዜ ብቻ ነው። በፈረንሳይ ቶፕ 14 ደግሞ 13 ጊዜ። የአውሮፓና የዋንጫ ጨዋታ ቢጨመርም ከሃያ ብዙም አያልፍም። ታዲያ በቀረው ሦስት መቶ አርባ ምናምን ቀን ያ ሁሉ ኮንክሪት ምን ይሠራል? ሠርግ፣ ስብሰባ፣ ኮንሰርት፣ የቢሮ ኪራይ፣ ሆቴል። ሂሳቡን የሚያቃናው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ክፍል ነው። አርክቴክቱ የሚያምር ጣሪያ ሲያሳያችሁ፣ ከጣሪያው ይልቅ ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት።

አንድ ጎን፣ ከዚያ ሌላው

ለዚህኛው ከሌስተር የተሻለ ምሳሌ የለም። ክለቡ በዌልፎርድ ሮድ ከ1892 ጀምሮ አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ከከተማው የእግር ኳስ ክለብ ጋር አንድ ስታዲየም እንጋራ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ሁለት ጨዋታ አንድ ቀን ላይ ቢውል ቅድሚያው የማን ይሁን በሚለው ላይ አልተስማሙም፤ ነገሩ ቀረ። የራግቢው ክለብ ፊቱን ወደ ራሱ ግቢ መለሰ። በ2009 በሰሜን በኩል 10,000 ሰው የሚይዝ ትሪቡን አቆመ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ደቡብ አፍሪካ እዚያው መጥታ 22 ለ17 ተሸንፋ ሄደች። ዛሬ ሜዳው 25,800 ገደማ ይይዛል። ለራግቢ ክለብ ተብለው ከተሠሩት የእንግሊዝ ሜዳዎች ትልቁ እሱ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ አንድ ጎን ሲሠራ በሦስቱ ጎን ጨዋታው መቀጠሉ ነው። ትኬት ይሸጣል፤ ቢራውም ይሸጣል። ሌላው ጥቅም መቆም መቻሉ ነው። ክለቡ ቢወርድ፣ ስፖንሰሩ ቢሸሽ፣ ሁለተኛውን ትሪቡን ትተዋላችሁ፤ ማንም አይከሳችሁም። የፈረንሳዩ ላ ሮሼል በማርሴል ዴፍላንድር ሜዳው እንዲሁ ቀስ በቀስ አድጎ ነው ከ16,000 በላይ የደረሰው። ትኬቱ ደግሞ እንደ ጉድ ያልቃል።

ሌላም ነገር አለ። አሮጌ ሜዳ ላይ በገንዘብ የማይሠራ ማዕዘን ይኖራል። ግሎስተር ኪንግስሆልም ላይ "ዘ ሼድ" የሚሉት፣ ሰው ቆሞ የሚያይበት ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ጎን አለ። ከዚያ የሚወጣው ጩኸት ተጋጣሚን ያስበረግጋል። በእንግሊዝ የከፍተኛ ሊግ እግር ኳስ ሜዳዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሁሉም ተመልካች መቀመጫ እንዲኖረው ሕጉ አስገድዷቸዋል። ራግቢን ይህ ሕግ አልነካውም። ስለዚህ የቆመው ሰው እዚያው እንዲቆም መተው ትችላላችሁ። ሲታደስ መጀመሪያ የሚፈርሰው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ማዕዘን ነው፤ ወንበር ቢደረግበት ትኬቱ ይወደዳላ!

ችግሩ ምንድን ነው? ጎረቤት። የእንግሊዙን ባዝ ክለብ እዩ። ክለቡ በሪክሬሽን ግራውንድ የሚጫወተው ከ1894 ጀምሮ ነው። ቦታው መሀል ከተማ፣ ከኤቨን ወንዝ ዳር ነው። ከተማዋ ራሷ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። መሬቱ የክለቡ ሳይሆን የአንድ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። በዚያ ላይ በ1922 የተጻፈ ውል አለ፤ ቦታው ላይ ጎረቤትን የሚረብሽ ነገር እንዳይሠራ የሚል። ክለቡ 18,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለመሥራት ሲነሳ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወረቀት መንገድ ላይ ጠበቀው። በ2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በክለቡ ላይ ፈረደ። በ2021 መጨረሻ የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሉ አይጸናም ብሎ ገለበጠው። እስከዚያው ክለቡ በጊዜያዊ ትሪቡን ሲጫወት ኖረ። አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት የመሬቱን የድሮ ወረቀት የሚያነብ ጠበቃ ቅጠሩ የምለው ለዚህ ነው።

አፍርሶ እዚያው መሥራት

ይህ ልብ የሚሞላ ግን ኪስ የሚያራቁት ምርጫ ነው። ቦታው አይቀየርም፤ ደጋፊው የሚወርድበት ባቡር ጣቢያ ያው ነው፤ የሚገባበት መጠጥ ቤት ያው ነው። ሕንፃው ግን አዲስ ነው።

በአየርላንድ የሊመሪክ ከተማ ያለው ቶመንድ ፓርክ በዚህ መንገድ ከተሳካላቸው አንዱ ነው። የማንስተር ቡድን ከ1995 እስከ 2007 መጀመሪያ ድረስ እዚያ ሜዳ ላይ በአውሮፓ ዋንጫ አልተሸነፈም። እንዲህ ያለ ቦታ ጥሎ መሄድ አይታሰብም። ስለዚህ ሁለቱን ረጅም ጎኖች አዲስ ሠሩ፤ በሁለቱ ጫፍ ያለውን የመቆሚያ ቦታ ግን ተዉት። በኖቬምበር 2008 25,600 ሰው የሚይዘው ሜዳ በኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ተመረቀ። ኒውዚላንድ 18 ለ16 አሸነፈች፤ በመከራ።

ዋናው ጥያቄ ግን በግንባታው ጊዜ የት ትጫወታላችሁ የሚለው ነው። ማንስተር ኮርክ ውስጥ ሁለተኛ ሜዳ ነበረው። የፓሪሱ ስታድ ፍራንሴ ዣን ቡዋን እንደ አዲስ ሲሠራ ሻርሌቲ ሄዶ ተጠለለ፤ በ2013 ተመልሶ 20,000 ገደማ ሰው ወደሚይዘው አዲስ ቤቱ ገባ። ወጪው ግን ከክለቡ ኪስ አልወጣም፤ ሜዳው የፓሪስ ከተማ ነው። ደብሊን ላይ የሌንስተር ቡድን የሚጫወትበት አርዲኤስ ዋና ትሪቡኑ በ2024 ሲፈርስ፣ ቡድኑ ጎረቤቱ ወደሆነው የብሔራዊ ቡድኑ ስታዲየም አቪቫ ሄደ። እንግዲህ አስተውሉ። ሁሉም ወይ ሁለተኛ ሜዳ፣ ወይ ከተማ፣ ወይ ትልቅ ጎረቤት ነበራቸው። እናንተ ከሦስቱ አንዱም ከሌላችሁ ይህን ምርጫ እርሱት።

ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ

ኤክሰተር ቺፍስ ይህን መንገድ ሲመርጥ ገና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። ከ1905 ጀምሮ የኖረበትን የከተማ ውስጥ ሜዳ ሸጦ፣ በ2006 ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ሳንዲ ፓርክን ከፈተ። ሲጀምር ትንሽ ነበር። ከመጀመሪያው ግን ለስብሰባና ለግብዣ የሚሆን አዳራሽ ሠሩበት። ሳምንቱን ሙሉ ገቢ መጣ። በ2010 ወደ ላይኛው ሊግ ወጡ፤ በ2017 ሻምፒዮን ሆኑ። ሜዳው እየሰፋ ዛሬ ከ15,000 በላይ ይይዛል። ልብ በሉ፤ ቦታ ቀየሩ እንጂ አሠራራቸው ያው አንድ ጎን፣ ከዚያ ሌላው ነው። ሰፊ መሬት ስለያዙ የሚገፋፋቸው ጎረቤት የለም።

የዌልሱን ስካርሌትስ ደግሞ እዩ። ስትራዲ ፓርክ ታሪክ ያለበት ሜዳ ነበር። የላኔሊ ክለብ በኦክቶበር 31፣ 1972 ኒውዚላንድን 9 ለ3 ያሸነፈው እዚያ ነው፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። በ2008 ክለቡ ወደ አዲሱ ፓርክ ኢ ስካርሌትስ ሄደ። 14,870 ወንበር፣ ንጹሕ፣ ምቹ፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ። ለተራ ጨዋታ ሞልቶ ማየት ግን ብርቅ ነው። አሮጌው ሜዳ መኖሪያ ቤት ተሠርቶበታል፤ ልመለስ ቢሉ መመለሻ የለም።

ኬፕታውን ላይ ዌስተርን ፕሮቪንስ የተባለው ቡድን ከ1890 ጀምሮ ጨዋታ ሲደረግበት የኖረውን ኒውላንድስ ትቶ፣ በ2021 ለ2010ሩ የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ወደተሠራው የከተማው ስታዲየም ገባ። የክራይስትቸርች ክሩሴደርስ ምርጫም አልነበረው፤ በፌብሯሪ 2011 የመሬት መንቀጥቀጡ ሜዳቸውን ሰባበረው።

ከሁሉም የሚለየው የፓሪሱ ራሲንግ 92 ነው። የክለቡ ባለቤት ዣኪ ሎሬንዜቲ በ2017 ላ ዴፋንስ ላይ ጣሪያው የተዘጋ አሬና ከፈተ። ለራግቢ 30,000 ገደማ፣ ለኮንሰርት 40,000 ይይዛል። ከራግቢ ስታዲየምነቱ ይልቅ ራግቢ የሚጫወቱበት የኮንሰርት አዳራሽ ብለው ይቀለኛል። በ2024 ኦሎምፒክ የውሃ ዋና ውድድር የተካሄደው እዚያው ውስጥ በተሠራ ገንዳ ነው፤ ክለቡም ለጊዜው ሌላ ሜዳ ፍለጋ ወጣ። ገንዘቡን የሚያመጣው ኮንሰርቱ ከሆነ ቀኑን የሚመርጠውም ኮንሰርቱ ነው።

ደባል መሆን

በወረቀት ላይ የሚያምረው ምርጫ ይሄ ነው። እግር ኳሱ ስታዲየም ሠርቷል፤ እናንተ ኪራይ ከፍላችሁ ትገባላችሁ። ግንባታ የለም፤ ፈቃድ የለም፤ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ ከገባችሁ በኋላ ይጀምራል።

ካርዲፍ በ2009 አርምስ ፓርክን ትቶ ወደ ከተማው አዲስ የእግር ኳስ ስታዲየም ገባ። የኪራይ ውሉ የ20 ዓመት ነበር። በ2012 ግን ወደ አሮጌው ሜዳ ተመለሱ። 27,000 ገደማ ሰው በሚይዝ ቤት ውስጥ የራግቢው ደጋፊ ተበታትኖ ጠፋ። የለንደን አይሪሽም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ስሙ ለንደን ሆኖ ከ2000 እስከ 2020 ሬዲንግ ውስጥ በእግር ኳስ ሜዳ ኖረ። በ2020 ወደ ለንደን ቢመለስም እንደገና ደባል ሆኖ ነው። በ2023 ክለቡ ፈረሰ። ለመፍረሱ ብዙ ምክንያት አለ፤ የራሴ የሚለው ቤት አለመኖሩ ግን አልረዳውም።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ጣጣ አለች። ስክረም የሚባለው አለ፤ ስምንት ለስምንት ተያይዘው የሚገፋፉት። ሁለት ቶን የሚጠጋ ሰው ሣሩን በጫማ ጥርስ ይነቅለዋል። የእግር ኳሱ ሜዳ ጠባቂ ይህን አይቶ አይስቅም። ልኩም አይገጥምም። የራግቢ ሜዳ ከጎሉ መስመር ጀርባ ቢያንስ 6 ሜትር የነጥብ ማስቆጠሪያ ቦታ ይፈልጋል፤ በእግር ኳስ ስታዲየም ውስጥ ይህ የሚገኘው ከመሀሉ ርዝመት ተቀንሶ ነው።

የሚሠራው መቼ ነው? ሁለቱም ክለቦች የአንድ ባለቤት ሲሆኑ። ብሪስቶል ቤርስ በ2014 አሽተን ጌት የገባው ከብሪስቶል ሲቲ ጋር ነው። የሁለቱም ባለቤት ስቲቭ ላንስዳውን ናቸው። ስታዲየሙ ታድሶ 27,000 ገደማ ይይዛል። ቀን ሲጋጭ የሚፈርድ ሰው አለ፤ ትርፉም ኪሳራውም አንድ ኪስ ነው። አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ የእግር ኳስ ተመልካች ሜዳው እየታየው አልኮል መጠጣት በ1985ቱ ሕግ ክልክል ነው። ለራግቢ ግን ይፈቀዳል። እዚያው ወንበር ላይ ቅዳሜ የሚያስጠይቅ ብርጭቆ እሁድ ምንም አይደለም። የመጠጥ ቤቱ ገቢ ለማን እንደሚሆን በውሉ ላይ ካልተጻፈ አትግቡ።

ትልቁን ቤት ለአንድ ቀን

አምስተኛው ምርጫ ያልኩት ይሄ ነው። ሜዳችሁን እንዳለ ተዉት፤ ለትልቁ ጨዋታ ብቻ ትልቅ ስታዲየም ተከራዩ። ሃርለኩዊንስ 14,800 ገደማ ከሚይዘው ስቱፕ መንገድ ተሻግሮ፣ 82,000 በሚይዘው ትዊክነም ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ትልቅ ጨዋታ ያደርጋል። ቱሉዝም በራሱ ኤርኔስት ዋሎን ይኖራል፤ ትልቅ ተጋጣሚ ሲመጣ በከተማው የእግር ኳስ ስታዲየም ይጫወታል። ሌንስተር በሜይ 2024 የአውሮፓ ግማሽ ፍጻሜውን ክሮክ ፓርክ ላይ ከኖርዝሃምፕተን ጋር ሲጫወት 82,300 ሰው ገባ።

የደርቢውን ቀን ችግር በዚህ ፈታችሁት ማለት ነው። ለሌላው ጊዜ ባዶ ወንበር አታጸዱም። "ማስፋት አለብን" የሚል ሁሉ መጀመሪያ ይህን ሁለት ዓመት ይሞክር ባይ ነኝ።

እዳው ገብስ አይደለም

ዋስፕስ በ1867 የተመሠረተ የለንደን ክለብ ነበር። የራሱ ትልቅ ሜዳ ስላልነበረው ሲዞር ኖሮ፣ በ2014 ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኮቨንትሪ ውስጥ ከ32,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ገዛ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ከ28,000 በላይ ሰው ገባ። ሁሉም አጨበጨበ። በ2015 ክለቡ 35 ሚሊዮን ፓውንድ በቦንድ ተበደረ፤ ወለዱ 6.5 በመቶ። ደጋፊዎችም ገዙ። ገንዘቡ መመለስ የነበረበት በሜይ 2022 ነው። አልተመለሰም። በመሀል ኮቪድ ስታዲየሙን ዘጋው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ክለቡ በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባ፤ ተጫዋችም ሠራተኛም ተበተነ። ስታዲየሙ ግን ዛሬም ቆሟል። ባለቤቱ ሌላ ነው።

ስለዚህ ብድሩን ስታዩ የደርቢውን ገቢ ይዛችሁ አታስሉ። ክለቡ ቢወርድ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በር ቢዘጋ፣ ወለዱን ከየት እንከፍላለን? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ብድሩን ይዞ ቢመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ሣሩና ጣሪያው

በአጭሩ። ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳውን በየቀኑ ለማከራየት ያስችላል። ሳራሰንስ በ2013 ወደ ሰሜን ለንደን አዲሱ ሜዳው ሲገባ በእንግሊዝ ላይኛው ሊግ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ነበር። ተጫዋቾች ጉልበታችንን ይልጠናል ብለው ያማርራሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሙሉ ጣሪያ ደግሞ የተራ ክለብ አቅም አይደለም። በኒውዚላንዷ ደኒዲን በ2011 ብርሃን በሚያሳልፍ ጣሪያ ሥር የተፈጥሮ ሣር አብቅለዋል፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሕዝብ ነው።

ከመፈረም በፊት

ብሪስቶል ላይ ከአሽተን ጌት በፊት ሌላ ሜዳ ነበር። ሜሞሪያል ግራውንድ ይባላል። በ1921 የተከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱትን የከተማውን የራግቢ ተጫዋቾች ለማስታወስ ነው። በ1996 የራግቢው ክለብ ብሪስቶል ሮቨርስ የተባለውን የእግር ኳስ ክለብ ተከራይ አድርጎ አስገባ። ቆይተው የሜዳው እኩል ባለቤት ሆኑ። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ነበረች፤ አንዱ ችግር ላይ ቢወድቅ ሌላው ድርሻውን በትንሽ ዋጋ መግዛት ይችላል የምትል። ሲፈራረሙ ብዙም ያስጨነቀቻቸው አይመስልም። በ1998 የራግቢው ክለብ ወረደ፤ ገንዘቡም ተሟጠጠ። ተከራይ ሆኖ የገባው ክለብ ሜዳውን ጠቀለለው። ከዚያ በኋላ የብሪስቶል ራግቢ ክለብ ለሟች ተጫዋቾቹ መታሰቢያ በተሠራው ሜዳ ላይ፣ እስከ 2014 ድረስ የቤት ኪራይ እየከፈለ ተጫወተ።